ከስክሪኑ በፊት ክፍሉ

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ እ.ኤ.አ. በ1977 ፊልምን የሚመለከቱ ሁለት የማይመሳሰሉ ዜናዎች ነበሯት። አንደኛው፣ ዋርነር የተባለው የኬብል ኩባንያ በዲሴምበር 1 ቀን «ኪውብ» ብሎ የሰየመውን አገልግሎት መጀመሩ ነው። ተመዝጋቢው ሠላሳ ቻናል ያገኛል፤ በእጁ ባለው ባለቁልፍ ሳጥን ፊልም መርጦ ለዚያው ፊልም ብቻ ይከፍላል፤ ከስቱዲዮ ለሚቀርብለት ጥያቄም ከሶፋው ሳይነሣ ይመልሳል። ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር፤ ኒክሎዲዮንና ኤምቲቪ እንኳ ዘራቸው የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ሁለተኛው ዜና፣ ከስቴቱ ምክር ቤት ፊት ለፊት ያለው ኦሃዮ ቲያትር በአገር አቀፍ ታሪካዊ ቅርስነት መመዝገቡ ነው። ቶማስ ላም የነደፈው፣ በ1928 የተከፈተውና ወደ 2,800 ሰው የሚያስቀምጠው ይህ የፊልም አዳራሽ በ1969 ተዘግቶ ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር፤ የከተማዋ ሰዎች ገንዘብ አሰባስበው አዳኑት። ኪውብ በ1984 ተዘጋ። ኦሃዮ ቲያትር ግን ዛሬም የኮሎምበስ ሲምፎኒ ይጫወትበታል፣ ሰመር ሲመጣም የድሮ ፊልሞች ይታዩበታል። ሰዎቹ የታገሉለት ፕሮጀክተሩን ወይም ድምፅ ማጉያውን አልነበረም፤ ክፍሉን ነው።

በገዛ እጁ ቤቱ ውስጥ ሲኒማ ለመሥራት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዕቃ ነው። ስንት ኢንች ቲቪ? የትኛው ፕሮጀክተር? ስንት ዋት ሰብዉፈር? እኔ የምለው ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ ነው፤ ገንዘቡም ጉልበቱም መጀመሪያ ለክፍሉ፣ ቀጥሎ ለድምፁ፣ በመጨረሻ ለምስሉ ይዋል። ዛሬ ከተገዛው ዕቃ የተሻለው ጥቂት ዓመት ሳይቆይ በቅናሽ ይመጣል። በደንብ የተሰናዳ ክፍል ግን ከዚያ በኋላ የሚገባበትን ዕቃ ሁሉ ያሳምራል፤ ያልተሰናዳ ክፍል ደግሞ ውዱን ዕቃ እንደ ርካሹ ያደርገዋል። ኮሎምበስ ለዚህ ሙከራ የምትመች ከተማ ናት። ብዙዎቹ የግል ቤቶቿ ቤዝመንት አላቸው፤ ሐበሻው ቤት ሲገዛ ያ ከመሬት በታች ያለው ሰፊ ቦታ መጀመሪያ የሻንጣ ማከማቻ ይሆናል፣ ቆይቶ የልጆች መጫወቻ፣ ከዚያ የበዓል መሰብሰቢያ። መስኮቱ ትንሽ ስለሆነ ጨለማው ያለ ዋጋ የመጣ ነው።

ክፍል ከመሣሪያ እንደሚቀድም በልኬት ያረጋገጠው ሰው የዚሁ አካባቢ ልጅ ነው። ዋላስ ክሌመንት ሳቢን በ1868 ከኮሎምበስ በስተሰሜን ምዕራብ ባለችው ሪችዉድ ተወለደ፤ በ1886 ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ወደ ሃርቫርድ ሄደ። እዚያ በ1895 የተከፈተው የፎግ ሙዚየም መማሪያ አዳራሽ መምህሩ ቢናገር የማይሰማበት ሆኖ ተገኘ፤ አንዱ ቃል ሳይጠፋ ቀጣዮቹ ይደርሱበታል፣ ገደል ማሚቶው ከ5 ሰከንድ በላይ ይቆያል። ሳቢን ሌሊት ሌሊት፣ ከተማው ጸጥ ሲል፣ በአንድ የኦርጋን ቧንቧና በሰዓት እየለካ ችግሩን ማጥናት ጀመረ። በአቅራቢያው ካለው ሳንደርስ ቲያትር የመቀመጫ ትራሶች ያስመጣል፣ ቁጥራቸውን እየጨመረ አዳራሹ ውስጥ ይደረድራል፣ ይለካል፣ ሳይነጋ ያስመልሳል። ቧንቧው ያው ነው፣ ግድግዳውም ያው ነው፤ ትራሱ በበዛ ቁጥር ግን ማስተጋባቱ እያጠረ ሄደ። ከዚያ የወጣው ቀመር ዛሬም ይሠራበታል፦ የክፍሉን ይዘት በሜትር ኩብ ወስዶ በ0.161 ማባዛት፣ ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ድምፅ ለሚውጠው ስፋት ማካፈል ነው። የሚገኘው ቁጥር ድምፁ ወደ ሚሊዮንኛው እስኪወርድ የሚፈጀው ሰከንድ ነው። በ1900 የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ በዚህ ስሌት ታስቦ ተሠራ።

ርዝመቱ 6፣ ወርዱ 4፣ ከፍታው 2.4 ሜትር የሆነ ቤዝመንት እንውሰድ። ይዘቱ 57.6 ሜትር ኩብ ነው፤ ወለሉ፣ ኮርኒሱና ግድግዳው ሲደመሩ 96 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። ባዶ ኮንክሪትና ጂፕሰም ከሚነካቸው ድምፅ 5 በመቶ ያህሉን ይውጣሉ ብንል፣ ዋጩ ስፋት 5 ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ማስተጋባቱም ወደ 2 ሰከንድ ይጠጋል። ንግግር ጥርት ብሎ ለሚሰማበት የፊልም ክፍል የሚፈለገው ግን ከ0.3 እስከ 0.4 ሰከንድ አካባቢ ስለሆነ፣ ዋጩ ስፋት ከ25 ካሬ ሜትር በላይ መድረስ አለበት። ወለሉን የሸፈነ ወፍራም ምንጣፍ ሰባት ያህሉን ይሰጣል፤ ሶፋውና ሰዎቹ ሦስት አራት ይጨምራሉ፤ ባዶው ግድግዳና ኮርኒስ ራሳቸው የሚውጡት ሲደመርበት፣ የቀረውን ዐሥር ካሬ ሜትር ያህል 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የድንጋይ ሱፍ ተሞልተው ጨርቅ የለበሱ የእንጨት ፍሬሞች ይሞሉታል። መጋዝና ስቴፕለር መያዝ ለሚችል ሰው ይህ ከባድ ሥራ አይደለም። ቀመሩ ለትልልቅ አዳራሽ የወጣ በመሆኑ በትንሽ ክፍል ወፍራም ድምፆች ላይ ይስታል፤ ለንግግር ግን መንገዱን በደንብ ያሳያል። ለአማርኛ ሰሚ ደግሞ ጉዳዩ የቅንጦት አይደለም። ጠን ከተ፣ ቀን ከከ፣ ጨን ከቸ የሚለየው እጅግ አጭር የሆነ የድምፅ ፍንዳታ ነው፤ ከፊቱ የነበረው አናባቢ ክፍሉ ውስጥ ገና እየተንከባለለ ከሆነ ፍንዳታው ይዋጣል። በዩቲዩብ የሚመጡልን ብዙዎቹ የአማርኛ ድራማዎች የተቀረጹበትን ሳሎን ማስተጋባት ይዘው ነው የሚመጡት፤ የኛ ቤዝመንት የራሱን ሲጨምርበት እናት «ምን አለ?» ይላሉ፣ ልጅ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ማስተጋባቱም አብሮ ከፍ ይላል።

«ሪሲቨሩ ራሱ በማይክሮፎን ክፍሉን ለክቶ ያስተካክል የለም ወይ?» የሚል ተቃውሞ ይቀርባል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ከባሱ ላይ ይገኛል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ 6 ሜትር በሚርቁ ሁለት ግድግዳዎች መካከል 29 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ሲመላለስ ራሱን ያጎላል፤ በ4 ሜትሩ ወርድ 43፣ በ2.4 ሜትሩ ከፍታ 71 ኸርዝ ላይ እንዲሁ ይሆናል። በነዚህ ድምፆች ክፍሉ አንድ ቦታ ላይ ያብጣል፣ ሌላ ቦታ ላይ ይጎድላል። ማስተካከያው ያበጠውን መቀነስ ይችላል። ጉድለቱን ግን አይሞላም፤ ጉድለቱ የመጣው ከግድግዳ የተመለሰው ሞገድ መጪውን ስለሚሰርዘው ነው፣ ኃይል ሲጨመር ሰራዡም በዚያው ልክ ይጨምራል። ፍቱኑ መድኃኒት ምንም አያስከፍልም፦ ሶፋውን ከኋላው ግድግዳ ማራቅና ሰብዉፈሩን ማዘዋወር። የታወቀ ዘዴም አለ፤ ሰብዉፈሩን ሰው በሚቀመጥበት ቦታ አስቀምጦ፣ ባሱ እኩልና ጥርት ብሎ የሚሰማበትን ጥግ ወለል ላይ ዝቅ ብሎ እየተዘዋወሩ መፈለግ፣ ከዚያ ሰብዉፈሩን እዚያ መትከል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ የሪሲቨሩ ልኬት በእርግጥ ይጠቅማል።

ስለ ምስሉ ብዙ ማለት አያስፈልግም። 120 ኢንች ስክሪን ወርዱ 2.66 ሜትር ነው፤ ከ3.6 ሜትር ርቀት ሲታይ 40 ዲግሪ ያህል የዓይንን አድማስ ይሞላል፣ ይህም ጥሩ ሲኒማ ቤት መካከለኛው ረድፍ ላይ እንደ መቀመጥ ነው። የሲኒማ ቤት ስክሪን መደበኛ ብርሃን 48 ኒት ብቻ ነው፤ ዛሬ ሱቅ ውስጥ ያለ ጥሩ ቲቪ ከ1,000 ኒት ሊያልፍ ይችላል። ሲኒማ ቤቱ ፈዛዛ የማይመስለው ክፍሉ ጨለማ በመሆኑ ነው። ነጭ ኮርኒስ ያለው ቤዝመንት ከስክሪኑ የወጣውን ብርሃን መልሶ ስክሪኑ ላይ ይደፋዋል፣ ጥቁሩንም ግራጫ ያደርገዋል፤ የማያብለጨልጭ ጠቆር ያለ ቀለም ውድ ፕሮጀክተር ከመግዛት የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ቀን በፀሐይ ብርሃን በተሞላ ሳሎን ለሚያይ ቤተሰብ ግን ቲቪው ይሻላል፤ እሱ ላይ አልከራከርም።

ከፍ ያለ ትኩረት የሚገባው ከዚህ ሁሉ በፊት ያለው ነው፤ ቤዝመንት የተቆፈረ ጉድጓድ ነውና። አንደኛው ጉዳይ ውኃ ነው። አዲስ አበባ ዝናቧ ወቅት አለው፤ ኮሎምበስ በዓመት የሚወርድባት 1,000 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብና በረዶ በዐሥራ ሁለቱም ወር የተበተነ ነው፣ መሬቷም ውኃ ይዞ የሚቆይ ሸክላ ይበዛበታል። ግድግዳው ላይ ነጭ ጨው መሰል ዱቄት ከታየ ውኃ እየገባ ነው ማለት ነው፤ ያ ሳይታከም በጂፕሰም መሸፈን ሻጋታን ደብቆ ማሳደግ ነው። የጣራው አሸንዳ ውኃውን ከቤቱ አርቆ ይጣል፣ ዲሁሚዲፋየር እርጥበቱን ከ50 በመቶ በታች ያቆይ። ሁለተኛው የማይታየው ነው። ራዶን ከመሬት ውስጥ ዩራኒየም የሚወጣ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነው፤ በአሜሪካ ከሲጋራ ቀጥሎ ዋነኛው የሳንባ ካንሰር መንስኤ ነው። ኮሎምበስ ያለችበት ፍራንክሊን ካውንቲ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከፍተኛ ብሎ በመደበው ምድብ ውስጥ ነው። በሊትር 4 ፒኮኩሪ ከደረሰ መታረም አለበት፤ መፍትሔውም ከወለሉ ሥር ጋዙን በቧንቧና በማራገቢያ ስቦ ከጣራ በላይ ማውጣት ነው። ቧንቧው ወለል መብሳት ስለሚፈልግ ምርመራው ምንጣፍ ከመነጠፉ በፊት ይሁን። ሦስተኛው ፈርነሱ፣ ማለትም የቤቱ ማሞቂያ ነው። ጫጫታው ስለሚረብሽ ብዙ ሰው ክፍሉን አፍኖ ሊዘጋው ይፈልጋል፤ ከክፍሉ አየር እየሳበ ለሚያቃጥል የጋዝ ማሞቂያ ይህ አደገኛ ነው፣ የታፈነ እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣልና። የአየር መግቢያው ይጠበቅ፣ ጠቋሚ መሣሪያም ይሰቀል።

ኤሌክትሪኩ ከከተማው ፈቃድና ከባለሙያ ጋር የሚሠራ ነው። ባለ 15 አምፒር መስመር በ120 ቮልት 1,800 ዋት ይሸከማል፣ ለረጅም ሰዓት አጠቃቀም ደግሞ 1,440 ብቻ፤ ስለዚህ ዲሁሚዲፋየሩና የሲኒማው ዕቃ አንድ ብሬከር አይጋሩ። ኤችዲኤምአይ ገመድ ግድግዳ ውስጥ እንዲሁ አይቀበር፤ ገመዱ የሚያልፍበት ባዶ ቱቦ ይቀበር። የኤችዲኤምአይ ደረጃ በ2013፣ እንደገና በ2017 ተለውጧል፤ ቱቦ የቀበረ ሰው አሮጌውን ስቦ አዲሱን ያስገባል፣ ሌላው ግድግዳ ይሰብራል።

«ይህ ሁሉ ቤት ላለው ነው፤ አፓርታማ ለሚከራየውስ?» ለሚለው፣ ከተባለው ግማሹ ያለ አንድ ምስማር የሚሠራ መሆኑን ልብ ማለት ያሻል። ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ ከግድግዳ የራቀ ሶፋ፣ በጀርባው ቆሞ የተደገፈ የድንጋይ ሱፍ ፍሬም ሁሉ ኪራይ ሲያልቅ አብረው ይሄዳሉ። አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት፤ ድምፅን መዋጥና ድምፅን ማገድ የተለያዩ ናቸው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ስፖንጅ የጎረቤትን እንቅልፍ አያድንም፤ ለዚያ ክብደት ያለው ድርብ ግድግዳና የተደፈነ ቀዳዳ ያስፈልጋል። ተከራይ ሰብዉፈሩን ቢተወው ለሁሉም ይበጃል። ሌላው ተቃውሞ ጠንከር ይላል፦ የቤት ሲኒማ ሰውን ከሰው ይለያል ይባላል። በኮሎምበስ አጠገብ ባለችው ቤክስሊ ከ1937 ጀምሮ ያለውን ድሬክስልን የመሰለ ሲኒማ ቤት በተመልካች እንደሚኖር እቀበላለሁ፤ እዚያ የሚታየውን እዚያ ሄዶ ማየት ይገባል። ነገር ግን በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘውን የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ከወላጆቹና ኮሎምበስ ከተወለዱ ልጆቹ ጋር ማየት የሚፈልግ ሰው ሲኒማ ቤት እስኪያሳይለት ቢጠብቅ ብዙ ይጠብቃል። ይህ ክፍል ጎረቤትና ዘመድ የሚጠራበት እስከሆነ ድረስ የሚለያይ ነገር አይታየኝም።

ጎረቤት ከተጠራ ደግሞ ቡና አለ፣ ዕጣንም አለ። የሚቆላ ቡና ጭስ ዘይት አለው፤ ፕሮጀክተሩ በማራገቢያው ይስበውና ማጣሪያውን ይደፍናል፣ ሌንሱ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ምስሉ ቀስ በቀስ ስለሚደበዝዝ ማንም አያስተውለውም። ስለዚህ ቡናው ላይ ፎቅ ተቆልቶ፣ ጀበናው ብቻ ወደ ታች ይውረድ። ማጣሪያው በየጥቂት ወሩ ይጽዳ፤ አምፖል ያለው ፕሮጀክተር ከሆነ ማራገቢያው ሳይቆም ከሶኬት አይነቀል። የሌዘር ፕሮጀክተሮች ብዙ ጊዜ 20,000 ሰዓት ይባልላቸዋል፣ አቧራና ጭስ ግን እነሱንም አይምርም። የቤዝመንቱም ውኃ አይረሳ፤ የጸደይ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት፣ ከወለሉ ሥር የሚጠራቀመውን ውኃ በሚያስወጣው በሰምፕ ፓምፑ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ባልዲ ውኃ ደፍቶ ፓምፑ መነሣቱን ማየት ያስፈልጋል። ማዕበል መብራት የሚያጠፋው ፓምፑ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ስለሆነ፣ በባትሪ የሚሠራ ተጠባባቂ ፓምፕ ለሁለተኛው ሰብዉፈር በታሰበው ገንዘብ ቀድሞ ይገዛ።