«ምን አለኝና ይሰርቁኛል?»

የባንክ ማጭበርበር ማጣሪያ ክፍል ውስጥ ለሚሠራ ሰው ከዚህ ጥያቄ የበለጠ የሚያሰለች የለም። ሰሞኑን ግን ከሐሳቤ ያልወጡ አንዲት ጉሊት የሚውሉ እናት አሉ። በስማቸው በተከፈተ ሒሳብ የማያውቁት ሰው የመኪና ቀብድ ገብቶ በሰዓታት ውስጥ ወጥቷል፤ ፖሊስ የጠራው እሳቸውን ነው። ደብተራቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው «ይኸው ልጄ፣ ሁለት መቶ ብር ናት ያለችኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሌባው ብራቸውን አልነካም።

ብራቸውን አልፈለገማ! የፈለገው ስማቸውን ነው። በማታለል የሚገኝ ገንዘብ ማረፊያ ይሻል፤ በራሱ ስም ቢቀበል ይያዛል። ዕዳ የሌለበት፣ ክስ የማያውቀው፣ ስልኩን ለመደወል ብቻ የሚጠቀም ሰው ለዚህ ሥራ ከሀብታም ይመረጣል። ሀብታሙን የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ በመልክ ያውቀዋል።

ስለ ሚስጥር ቁጥር ስንሰብክ ከረምን፤ ሰዉም ሰማን። መታወቂያውን ግን እንደ ሎተሪ ቲኬት ይበትናል። ፎቶኮፒ ቤት «በቴሌግራም ላኪልኝ» ይባላል፣ ይላካል፣ ይታተማል፣ ሒሳብ ይከፈላል። ፋይሉስ? የፎቶኮፒ ቤቱ ልጅ የእኔን ሲፈልግ ማህደሩ ተከፍቶ አይቻለሁ፦ ፓስፖርት፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ዲግሪ፣ መታወቂያ ከነጀርባው፣ የሰው ሁሉ ጉድ ተደርድሮ። የሥራ ማስታወቂያውማ ይብሳል። «መታወቂያሽን ይዘሽ የተነሣሽውን ፎቶ ላኪ» የሚል ቀጣሪ ምን ሊያደርግበት ነው? እንዲህ ያለ ፎቶ የሚጠየቀው በስልክ ሒሳብ ሲከፈት ነው።

«አሁን እኮ ፋይዳ አለኝ» የሚለኝም አለ። ፋይዳ የአሥር ጣት አሻራና የዓይን አይሪስ የሚወስደው አንድ ሰው ሁለት ሆኖ እንዳይመዘገብ ነው። የካርድዎን ፎቶ እርስዎ ራስዎ ሲበትኑት ምን ያድርግ?

እኛም ንጹሕ አይደለንም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ለአንድ ጉዳይ የተሰበሰበ መረጃ ለሌላ እንዳይውል ይከለክላል። ይሁንና ለጥቃቅኑ ጉዳይ ሁሉ ኮፒ የማይጠይቅ መሥሪያ ቤት ስንት ነው? ያረጀው ፋይል በኪሎ ተሸጦ የቆሎ መጠቅለያ ሲሆንም ታይቷል።

«ታዲያ ኮፒ አልሰጥም ልበል? ጉዳዬ ይቅር?» ትሉኝ ይሆናል። ስጡ። ግን ኮፒው ላይ፣ ከፎቶው አጠገብ ሳይሆን በላዩ አግድም፣ «ለቤት ኪራይ ውል ብቻ» ብላችሁ ከነቀኑ ጻፉበት። የሚቆጣ ጸሐፊ አይጠፋም፤ ይቆጣ። መታወቂያ ከጠፋም በዚያው ቀን ለፖሊስ አመልክቱ። ፖሊስ የሚሰጣችሁን ዋናውን ማስረጃ ምትክ መታወቂያ የሚሰጣችሁ ወረዳ ስለሚያስቀረው ኮፒውን አኑሩ፤ «ያ ሒሳብ የእኔ አይደለም» የሚል ክርክር ሲመጣ መጀመሪያ የማየው እዚያ ላይ ያለውን ቀን ነው።