ያውቁ ኖሯል? የፒስተን ጉዳት ካንዴላ ላይ ይነበባል

ናይትረስ ከተገጠመለት የእሽቅድምድም መኪና ካንዴላ ፈትተው ነጩ ሸክላ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ብርማ ነጠብጣብ ካዩ፣ ከነዳጁ የመጣች እንዳትመስልዎ። ከፒስተኑ አናት ቀልጣ የተነሳች አሉሚኒየም ናት።

ናይትረስ ኦክሳይድ፣ የጥርስ ሐኪሞች ሕመም ለማስታገስ የሚጠቀሙበት ያው ጋዝ፣ ራሱ አይነድም። ሲሊንደር ውስጥ ሙቀቱ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ይበታተንና ኦክስጅኑን ይለቃል። ከክብደቱ 36 በመቶው ኦክስጅን ነው፤ የአየር 23 በመቶ ብቻ ነው። ለዚህ ሁሉ ኦክስጅን የሚመጥን ነዳጅ ካልቀረበ ሙቀቱ ከልክ ያልፋል።

ለዚህ ነው «ቀዝቃዛ» ካንዴላ የሚመረጠው። ስሙ ያሳስታል እንጂ ብልጭታው አይቀዘቅዝም፤ የሸክላው አፍንጫ አጭር በመሆኑ ሙቀቱን ቶሎ ወደ ቴስታታው ያሳልፋል። የተለመደው ልክ ናይትረሱ ከ75 እስከ 100 የፈረስ ጉልበት በጨመረ ቁጥር አንድ ደረጃ መቀዝቀዝ ነው። ሲገዙ ግን የደረጃውን ቁጥር ልብ ይበሉ፦ ኤንጂኬ በተባለው አምራች ካንዴላዎች ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይበልጥ ቀዝቃዛ ይሆናል፤ በቦሽና በቻምፒዮን ደግሞ ተቃራኒው ነው። (ተስማምተው አንድ ቢያደርጉት ምን ነበረበት!)

ካንዴላ ለማንበብ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት እየሠራ ሳለ ይጠፋል፤ መኪናው በራሱ ተንከባሎ ይቆማል፤ ካንዴላው እዚያው ይፈታል። ቀስ ብለው እየነዱ ጋራዥ ከተመለሱ በኋላ የሚያዩት የመመለሻውን መንገድ ጥላሸት ነው።