ድመታችን ሳፋዋን ስትተው

ናይሮቢ ውስጥ ፎቅ ላይ ለሚኖር ቤተሰብ ድመት ማሳደግ ማለት ሳፋ ውስጥ አሸዋ ማስቀመጥ ማለት ነው። የኛዋ ድመት 3 ዓመት በሥርዓት ስትጠቀምበት ኖራ፣ ባለፈው ሰኔ ምንጣፍ ላይ መሽናት ጀመረች። እናቴ «ተናዳብን ነው፤ ለሰው እንስጣት» አለች።

ድመት ግን ለብቀላ ብላ አትሸናም። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሕመም ነው፤ ስትሸና ካመማት ሳፋውን ትፈራዋለች። በተለይ ወንድ ድመት እያማጠ ሽንቱ ጠብ ካላለ የሽንት ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ስለሚችል፣ «እስከ ነገ እንየው» ሳይባል ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው።

የኛዋን ሐኪሟ መርምራ ጤነኛ ናት አለችን። ጥፋቱ የኛው ነበር፤ ሳፋውን ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ አጠገብ ወስደነው ኖሯል፣ ማሽኑ ደግሞ ሲዞር ቤቱን ያናውጠዋል። ወደ ቀድሞው ጸጥተኛ ጥግ መለስነው፤ አሸዋውንም 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሞላን። ቆሻሻውን በየቀኑ ማውጣት የኔ ሥራ ሆነ (ታናሽ ወንድሜ ተራው ሲደርስ ይረሳል)። ምንጣፉን አሞኒያ ባለው ማጽጃ ማጠቡን ተውን፤ ሽታው ሽንት ስለሚመስላት እዚያው ይመልሳታል። ኢንዛይም ያለው ማጽጃ ይሻላል። መቆጣት ግን ከማስፈራት በቀር ምንም አያስተምራትም።

በ11ኛው ቀን ሌሊት አሸዋዋን ስትቆፍር ሰማናት። እናቴ ለሰው የመስጠቱን ነገር ከዚያ ወዲህ አላነሣችም።