በኩራዝ የተማርነው

ባለፈው ሳምንት ማታ መብራት ጠፋ። ልጆቹ የስልካቸውን መብራት አብርተው የቤት ሥራቸውን ሲቀጥሉ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ታላቅ ወንድሜ የለመድናትን ወሬ ጀመሩ፦ «እኛ እኮ በኩራዝ ነው የተማርነው!» እሳቸው ይህችን ቃል እንደ ዲግሪ ነው የሚያዩዋት።

ትንሿ ልጄ ቀና አለች። «ጋሼ፣ ኩራዝ እንዴት ነው የሚሠራው?»

«በላምባ ነዋ!»

«እሱማ፤ ላምባው ታች፣ እሳቱ ላይ። ማን ሽቅብ ያወጣዋል?»

ጋሼ ዝም አሉ። እኔም እንደዚያው። በኩራዝ ተማርን እያልን ስንኩራራ ስለ ድህነታችን እንጂ ያንን ዕቃ ስላበጀው ሰው አንድም ቀን አንሥተን አናውቅም። ደርግ ጊዜ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ያሳተመው ድርጅት እንኳ ስሙ ኩራዝ ነበር። መብራቲቱ የመማር ምልክት ሆናለች፤ አሠራሯን ግን ማን አስተውሎት?

ዕቃው እንዲህ ነው። የድልህ ወይም የዱቄት ወተት ባዶ ቆርቆሮ ይገኛል። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ይከድነውና በክዳኑ መሐል ከቁርጥራጭ የተጠቀለለች ቀጭን ቱቦ ይተክላል፤ በጎኑ ጆሮ ያወጣለታል። በቱቦዋ የጥጥ ክር ወይም ካረጀ ነጠላ የተቀደደ ጨርቅ ይገባል፤ ጫፉ ታች ላምባው ውስጥ ይነከራል። ይኸው ነው። ለዚህም አቅም ያነሰው የመድኃኒት ብልቃጥ ያነሣና የለስላሳ ቆርኪ በምስማር በስቶ ይከድነዋል።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ እንመለስ። የጋቢ ጫፍ የፈሰሰ ውሃ ቢነካ ርጥበቱ ሽቅብ ሲሳብ አይታችኋል? ክሩም ያንኑ ያደርጋል። ፈሳሽ ከጥጥ ጭራ ጋር መጣበቅ ይወዳል። በጭራዎቹ መሐል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሆነ አንዱ ጠብታ ሲወጣ ተከታዩን ይጎትታል። ጫፉ ላይ ያለው ሲቃጠል ደግሞ ቦታው ይለቀቅና ከታች ሌላው ይተካል። ላምባ ቀጭን ስለሆነ እንዲህ መውጣት አያቅተውም፤ የወጥ ዘይት ግን ወፍራም ነውና ይዘገያል። ላምባው እያለቀ ሲመጣ ብርሃኑ የሚደክመውም ለዚህ ነው፤ ላምባው የሚወጣው ዳገት ረዝሟል። እማዬ ያኔ ዘንበል ታደርገው ነበር።

የሚቃጠለው ክሩ ይመስላል፤ አይደለም። ፈሳሹም አይደለም። ሙቀቱ ላምባውን ወደ ተን ይለውጠዋል፣ እሳቱም የሚይዘው ተኑን ነው። ክሩ ቶሎ የማያልቀው ለዚህ ነው። ማረጋገጥ የፈለገ ሻማ አብርቶ ያጥፋና ቡልቅ የሚለውን ነጭ ጭስ ወዲያው በክብሪት ይንካው፤ እሳቱ በጭሱ ላይ ተንደርድሮ ክሩን መልሶ ይለኩሰዋል። የብረት ቀጥቃጭ ልጅ የነበረው እንግሊዛዊ ማይክል ፋራዴይ በ1860 እ.ኤ.አ. ገና ሰሞን ለንደን ውስጥ ለልጆች ስለ ሻማ ብቻ ስድስት ትምህርት ሰጥቷል። ቆርቆሮ ቀጥቃጮቻችን ቢያገኙት ብዙ ያወሩ ነበር።

የሚገርመው ብጫው ብርሃን ነው። ተኑ ሲቃጠል ደቃቅ የከሰል ብናኝ ይወጣዋል። ብናኙ እሳቱ ውስጥ ሲግል ያበራል፣ ሳይቃጠል ካመለጠ ግን ጥላሸት ሆኖ ጣሪያ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ የምናነብበት ብርሃንና ጠዋት አፍንጫችንን ስንጠርግ የምናገኘው ጥቁር ነገር አንድ ናቸው። ጥላሸቱን ለመቀነስ በቂ አየር ያስፈልጋል። ፋኖስ ባለ መስታወት የሆነው ለዚሁ ነው፤ መስታወቱ እንደ ጭስ ማውጫ ሆኖ አየር ከታች ይስባል። ይህን ዘዴ ስዊዛዊው ኤሜ አርጋንድ በ1780ዎቹ እ.ኤ.አ. መብራት ላይ አውሎታል። ግን መስታወት ገንዘብ ይጠይቃል፣ ይሰበራልም። ኩራዙ ያንን ትቶ ጭሱን መረጠ። ጭሱ ደረት ይጎዳል፤ ይህ የሚወደስ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፦ ኩራዝ ውስጥ ቤንዚን አይጨመርም። ላምባ እሳት የሚይዝ ተን ለማውጣት ወደ 38 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ መሞቅ አለበት፤ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ ያወጣል። በቤት ውስጥ ሙቀት ቤንዚን ያለበት ኩራዝ ቦምብ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ጋሼና ልጅቷ ደጅ ወጥተው አንድ ኩራዝ በብልቃጥ ሠሩ። ሲለኩሱት ጥቁር ጭስ ተንቦለቦለ። አየር አነሰው ብዬ ላስረዳ ስል ጋሼ ቀደሙኝ፤ አጥፍተው፣ በምስማር ክሩን ትንሽ ወደ ታች ሳብ አድርገው እንደገና ለኮሱት። ጭሱ ቀነሰ።

«ክሩ ሲያጥር ተኑ ያንሳል፣ አየሩ በቃው ማለት ነው?» አለች።

«እኔ እንጃ» አሉ ጋሼ፣ «አባቴ እንዲህ ያደርግ ነበር።»