ስለ አውቶሞቢል ቸርኬ ጽዳትና አጠባበቅ

ከአውቶሞቢል ክፍሎች መካከል እንደ ቸርኬ ብዙ መከራ የሚያይ፣ እንደ ቸርኬም ቸል የሚባል የለም ለማለት ይቻላል። የመኪናውንና የጭነቱን ክብደት ተሸክሞ በጭቃና በጠጠር ላይ የሚንከባለለው እርሱ ነው፤ ከፍሬን የሚወጣውን ሙቀትና ብናኝ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀበለውም እርሱ ነው። ባለመኪናው ግን ቸርኬውን የሚያስታውሰው ወይ መልኩ ጠፍቶ ሲያሳፍረው፣ ወይም ጎማው አየር እየለቀቀ ሲያስቸግረው ነው። ከዚህም የተነሣ የቸርኬ ማጽጃ ንግድ በመልክ ላይ ብቻ የቆመ ሆኗል፤ ገዢው «ቶሎ የሚያጠራውን» ይጠይቃል፣ ባለሱቁም ቶሎ የሚያጠራውን ያቀርብለታል። ዳሩ ግን ቶሎ ከሚያጠሩት መካከል ብረቱንም የአጣቢውንም እጅ አብረው የሚበሉ አሉ።

ነገሩ ለነጋዴው ይበልጥ የሚያሳስብበት ሌላ ምክንያትም አለ። በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና በደኅና ማቆየት የባለንብረቱ ሁሉ ጭንቀት ሆኗል። አዲስ ቸርኬ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ዕቃ ስለሆነ፣ አሮጌውን የሚያበላሽ ማጽጃ የሸጠ ሰው ለደንበኛው ያተረፈለት ነገር የለም።

በገበያ የሚገኙት ቸርኬዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ከብረት ሉህ ተቀጥቅጦ የሚሠራውና በቀለም የሚሸፈነው ነው፤ ይህ ርካሽና ጠንካራ ሲሆን ጠላቱ ዝገት ነው። ሁለተኛው ከአሉሚንየም የሚቀለጠው ነው። በተለመደው አሠራር አሉሚንየሙ 7 በመቶ ያህል ሲሊኮንና ጥቂት ማግኒዥየም ይቀላቀልበታል። ይህ ዓይነቱ ቸርኬ በ1924 እ.ኤ.አ. ቡጋቲ በተባለው ፋብሪካ የእሽቅድድም መኪና ላይ ታይቶ ነበር፤ ዛሬ ግን የማንም የቤት መኪና ይዞት ይገኛል።

የአሉሚንየም ጠባይ ከብረት የተለየ መሆኑን ባለሱቁ ሊያውቅ ይገባዋል። አሉሚንየም አየር ሲነካው በላዩ እጅግ ስስ የሆነ ቅርፊት ያበጃል፤ ይህ ቅርፊት የታችኛውን ብረት ከመበላት ይጠብቀዋል። የአሲድና የአልካሊ መለኪያ በሆነው በፒኤች ሲታይ ቅርፊቱ ጸንቶ የሚቆየው ከ4 እስከ 8 ተኩል ባለው መካከል ነው። ከዚያ በታች አሲዱ፣ ከዚያ በላይ አልካሊው ያሟሟዋል። በዚህ ምክንያት የቅባት ማስለቀቂያ ተብሎ የሚሸጠው ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ፈሳሽ ለወጥ ቤት ምድጃ ቢበጅም ለአሉሚንየም ቸርኬ መርዝ ነው። የልብስ ሳሙና ዱቄትም አልካሊነት ስላለው አዘውትረው ቢያጥቡበት የቸርኬውን ብሩህነት ያደበዝዛል።

እርግጥ ነው፣ አብዛኞቹ የአሉሚንየም ቸርኬዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ቀለምና ከቀለሙ በላይ እንደ መስተዋት የጠራ ቬርኒች ይቀባሉ። አንዳንዶቹ ግን ራቁታቸውን ተወልውለው የሚወጡ ናቸው፤ በክሮም የተለበጡም አሉ። ለእያንዳንዱ የሚስማማው መድኃኒት የተለያየ ስለሆነ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ለመለየትም ጥቂት የብረት መወልወያ በነጭ ጨርቅ ነክሮ ከማይታይ ቦታ ላይ ማሸት ይበቃል። ጨርቁ ከጠቆረ ብረቱ ራቁቱን ነው፤ ካልጠቆረ ግን በቬርኒች የተሸፈነ ነውና መወልወያው እንዲርቀው ያስፈልጋል።

በቸርኬ ላይ የሚታየው ጥቁር እድፍ ከመንገድ የመጣ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። አብዛኛው ግን የሚመጣው ከፍሬን ነው። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ሸራው ከብረቱ ዲስክ ጋር ስለሚፋተግ ከሁለቱም ደቃቅ ብናኝ ይነሣል፤ የብረቱ ብናኝ ትኩስ ሆኖ በቸርኬው ላይ ያርፋል፣ እርጥበት ሲያገኘውም ይዝጋል፣ በዝገቱም ቬርኒቹን ይዞ ይጣበቃል። ሳምንታት ሲቆይ በሳሙና አይለቅም፤ ወራት ሲቆይ ደግሞ ቬርኒቹን በስቶ ወደ ብረቱ ይገባል። የፊት ቸርኬዎች ከኋለኞቹ ይልቅ የሚጠቁሩት መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያደላና የፊቱ ፍሬን ይበልጥ ስለሚሠራ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄዱት መኪናዎች ፍጥነታቸውን በከፊል በሞተሩ ስለሚገቱ ብናኛቸው ያነሰ ነው፤ ሆኖም ዲስካቸው ሳይሠራ እየቆየ ሊዝግ ስለሚችል ባለቤቱ ጨርሶ ሊዘነጋው አይገባም።

ይህን ብናኝ በተጫነ አየር እየነፉ ማባረር መጥፎ ልማድ ነው። የቆዩ የፍሬን ሸራዎች አስቤስቶስ ነበረባቸው፤ አመጣጡ ካልታወቀ ሸራ ዛሬም ሊገኝ ይችላል። የአስቤስቶስ ብናኝ ወደ ሳንባ ሲገባ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር የሚያመጣ ስለሆነ፣ ብናኙን በውሃ አርጥቦ ማንሣት እንጂ ማቡነን አይገባም።

ወደ ማጽጃዎቹ ስንመለስ፣ ከሁሉ የሚሻለው ለመኪና ተብሎ የተዘጋጀው ሻምፑ ነው። ቸርኬው በየሳምንቱ የሚታጠብ ከሆነ ከዚህ ሌላ አያስፈልገውም። ሻምፑ ላልለቀቀው የብረት ብናኝ ቲዮግላይኮሌት የሚባል ጨው ያለበት ማጽጃ አለ፤ ይህ ፈሳሽ ብረት ሲያገኝ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለወጣል፣ ሽታውም እንደ ድኝ የሚከብድ ነው። ሽታውን ጠልቶ ዕቃውን የሚመልስ ደንበኛ ቢኖር፣ ሽታው የመድኃኒቱ ጠባይ እንጂ የመበላሸቱ ምልክት አለመሆኑን ባለሱቁ ሊያስረዳው ይችላል። ጓንት አድርጎ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ ሊሠራበት ይገባል።

ትልቁ አደጋ ያለው በአሲዶቹ ላይ ነው፤ ከአሲዶቹም ሁሉ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ የተባለው ይከፋል። ይህ አሲድ በአንዳንድ የቸርኬና የከባድ መኪና ማጠቢያዎች ውስጥ ይገባል፤ አንዳንድ ጊዜም አሞንየም ባይፍሎራይድ በሚባል ጨው መልክ ተቀላቅሎ ይመጣል፣ ጨውም ቢሆን በፈሳሹ ውስጥ የሚሠራው ያንኑ ነው። እድፉን በቅጽበት ስለሚያነሣ ገዢ ይወደዋል። ነገር ግን መስተዋት የሚበላ አሲድ ነው። በሰው ቆዳ ላይ ሲያርፍም እንደ ሌሎቹ አሲዶች ወዲያው አያቃጥልም፤ ቆዳውን አልፎ ወደ ሥጋ ይገባና ከደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ይይዛል። ካልሲየም ሲያንስ የልብ አመታት ይዛባል፤ ሰፊ ቦታ ከነካ ወይም ከተጠጣ ሰው ሊገድል ይችላል። ቅልቅሉ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንደሆነ ሕመሙ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል፣ አጣቢው እጁ ምንም ያልሆነ መስሎት ሥራውን ይቀጥላል። በአሜሪካ በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ከ2001 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ መኪና በማጠብ ሥራ ላይ ሳሉ በዚህ አሲድ የተጎዱ 48 ሠራተኞች ተመዝግበዋል። በሰለጠነ ቁጥጥር መካከል ይህን ያህል ከሆነ፣ በባዶ እጅና በባዶ እግር የሚሠራ የላቫጆ ልጅ ምን ያህል እንደሚያሰጋው መገመት አያዳግትም።

አስመጪው ራሱን የሚጠብቅበት መንገድ ቀላል ነው። ማንኛውም የታመነ ፋብሪካ ከዕቃው ጋር የጥንቃቄ መግለጫ ወረቀት ይልካል፤ በዚያ ወረቀት ላይ የእያንዳንዱ ቅመም የካስ ቁጥር ይጻፋል። የሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ቁጥር 7664-39-3፣ የአሞንየም ባይፍሎራይድም 1341-49-7 ነው። የወረቀቱ ቋንቋ ምንም ቢሆን ቁጥሩ አይለወጥም። ከሁለቱ አንዱ የተገኘበትን ማጽጃ ለችርቻሮ አለማዘዝ ይሻላል፤ ወረቀቱን ለመላክ የሚያመነታ ላኪ ቢኖርም ዕቃውን ከእርሱ አለመግዛት ነው። እንዲህ ያለውን ማጽጃ አስቀድሞ በመጋዘኑ ያለው ነጋዴ ደግሞ ለማጠቢያ ቤቶቹ ማስጠንቀቅ አለበት። ቆዳ ከነካ ልብሱን አውልቆ ቦታውን ሳይዘገዩ በብዙ ውሃ ማጠብ፣ ካልሲየም ግሉኮኔት የሚባለውን ቅባት ማሸት፣ ሕመም ባይሰማም ወደ ሐኪም ቤት መሄድና የአሲዱን ስም ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። ስሙ ካልተነገረ ሐኪሙ እንደ ተራ ቃጠሎ ሊያክመው ይችላልና።

ሁለት ነገሮች መጨመር አለባቸው። በረኪና ለቸርኬ አይሆንም፤ ከአሲድ ጋር የተቀላቀለ እንደሆነም ክሎሪን የተባለውን መርዛም ጋዝ ያወጣል። እንዲሁም ከትልቅ በርሜል እየቀዱ በውሃና በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ መቸርቸር እጅግ አደገኛ ልማድ ነው፤ ሕፃን ልጅ ጠርሙሱን እንጂ ውስጡን አያውቅም። የሚቀዳ ከሆነ ለመጠጥ በማያገለግል ዕቃ ሆኖ ስሙና ማስጠንቀቂያው በአማርኛ ይጻፍበት።

አስተጣጠቡን በሚመለከት፣ ቸርኬው በእጅ ሲነካ መብረድ አለበት። ገና ከጉዞ በገባ መኪና ላይ መድኃኒት የረጨ እንደሆነ ፈሳሹ ደርቆ ነጥብ ይጥላል፤ የጋለ ዲስክም ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፋበት ሊጣመም ይችላል። ከገላው አስቀድሞ ቸርኬው ይታጠባል፣ ባልዲውና ጨርቁም ለብቻው ይሆናል፤ በቸርኬ ጨርቅ ላይ የቀረ የብረት ብናኝ የመኪናውን ቀለም ይጭራልና። አንዱን ቸርኬ ጨርሶ አጥቦ አለቅልቆ ወደ ሌላው ማለፍ ይገባል። በኃይል የሚረጭ የውሃ ማሽን ያለው ሰው አፉን ከጎማው ጎንና ከቫልቮላው ቢያንስ አንድ ክንድ ያርቅ። ሲያበቃ በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ፣ ከዚያም መኪናውን ቀስ ብሎ ነድቶ ፍሬኑን ጥቂት ጊዜ በመርገጥ ዲስኩን ማድረቅ ነው።

በደረቀ ቸርኬ ላይ ሰም ቢቀባ ብናኙ እንደ ልቡ አይጣበቅም። ጎማውን ለማጥቆር በናፍጣ ወይም በተቃጠለ ዘይት የመወልወል ልማድ ግን መተው አለበት፤ ዘይትና ናፍጣ ላስቲክን ያሳብጡታል፣ ያላሉታልም። በውሃ የተሠራው የጎማ ማስዋቢያ ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን በጎማው ጎን ብቻ እንጂ መሬት በሚነካው ላይ ወይም በፍሬን ዲስክ ላይ ሊደርስ አይገባም።

የብረት ቸርኬ አጠባበቅ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ፣ ዝገት መከላከያ ቀለም ቀብቶ በላዩ መደበኛውን መቀባት ነው። ካላማዳሪያ የሌለው ጎማ የሚቀመጥበት ጠርዝ ከዛገ አየሩ በዚያ ይወጣል። የጭነት መኪና ባለቀለበት ቸርኬ ሲሆን ግን ነገሩ የሞት ጉዳይ ነው። ጎማው አየር እንደያዘ ቀለበቱን መምታት ወይም ማላቀቅ፣ ቀለበቱን እንደ መድፍ ጥይት ሊያስወነጭፈው ይችላል። ጎማ ባለበት ቸርኬ ላይ መበየድም፣ አየሩ የወጣ ቢመስል እንኳ፣ ላስቲኩን ውስጥ ለውስጥ አግሎ ያፈነዳል። በአሜሪካ በ1980 እ.ኤ.አ. ስለ ባለቀለበት ቸርኬ አሠራር የወጣው ደንብ፣ ጎማው ከመፈታቱ በፊት አየሩ ጨርሶ እንዲወጣ፣ ሲሞላም በብረት ፍርግርግ ውስጥ እንዲሆን ያዛል። ጎሚስታው ከቫልቮላው ውስጥ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ነቅሎ አየሩን ሳያስወጣ ብሎን ሊነካ አይገባም።

ቀለም ሲቀባም ዳዶው የሚያርፍበትና ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገጥምበት ፊት በወፍራሙ ሊቀባ አይገባም። ቀለሙ በጉዞ ላይ እየተፋቀ ሲሳሳ ዳዶው ይላላል። በብሎኑ ጥርስ ላይ ግራሶ መቀባት ደግሞ ከተወሰነው በላይ እንዲጠብቅና ብሎኑ እንዲሳብ ያደርጋል። ቸርኬ ተፈትቶ ከተመለሰ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር እንደተጓዘ ፋብሪካው በወሰነው መጠን መሆኑን በመለኪያ ቁልፍ እንደገና መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ይህንንም ቁልፍ የመለዋወጫ ዕቃ ባለሱቆች ከቸርኬ ማጽጃው ጎን ቢያስቀምጡት ፈላጊ አያጣም።