መዝገቡ ይዞት ነበር፤ ስክሪኑ ግን አላሳየም

ጄኔሬተር የሚጠብቅ ሰው ብዙውን ሥራ በጆሮው ነው የሚሠራው። ድምፁ ትንሽ ከተለወጠ ከእንቅልፉ ይነቃል፤ ጠጋ ብሎ ሙቀቱን ያያል፤ ካላማረው ያጠፋዋል። ነገር ግን ማሽኑ ከመሬት በታች 100 ሜትር ገደማ ቢቀበር፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ሲሠራም ሰው ሊጠጋው የማይፈቀድ ቢሆንስ? ጠባቂው ሕመሙን በምን ያውቃል?

በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ የሚገኘው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት፣ በአጭሩ ሰርን፣ የገነባው ትልቁ ማሽን እንዲህ ያለ ነው። ላርጅ ሃድሮን ኮላይደር ይባላል። ሥራው ፕሮቶን የሚባሉትን እጅግ ጥቃቅን የአቶም ክፍሎች ወደ ብርሃን ፍጥነት አስጠግቶ ማጋጨት ነው። ፕሮቶኖቹ ያንን 27 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰከንድ ከ11 ሺህ ጊዜ በላይ ይዞሩታል። መንገዳቸውን የሚያጥፉት 1,232 ታላላቅ ማግኔቶች ናቸው፤ እነዚህም በሂሊየም ከዜሮ በታች እስከ 271 ዲግሪ ቀዝቅዘው ነው የሚሠሩት።

ይህን የሚቆጣጠሩት ኦፕሬተሮች በፈረንሳይ በኩል፣ ፕሬቬሳን በሚባል ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በተከፈተ አዳራሽ ሌትና ቀን በፈረቃ ይቀመጣሉ። ማሽኑን አያዩትም፣ አይሰሙትም። ዓይናቸውም ጆሮአቸውም ስክሪኑ ነው። ስለዚህ የስክሪኑን ሶፍትዌር የሚጽፈው ባለሙያ አንድ ከባድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም ምኑን ላሳይ፣ ምኑን ልተው የሚል ነው።

ጥያቄው የቆየ ነው። በ1970ዎቹ ሰርን ሌላ ማሽን ሲገነባ፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ማብሪያና ማጥፊያ ይደረግ ቢባል በሺህ የሚቆጠር ቁልፍ ያስፈልግ ነበር። ቤንት ስቱምፕ የተባለ ዴንማርካዊ መሐንዲስ በጣት የሚነካ ስክሪን ሠራ። በየተራው የሚፈለጉት ቁልፎች ብቻ ብቅ ይላሉ፤ ሌላው ይደበቃል። ዛሬ በሞባይላችን ላይ ለምንነካካው ስክሪን ከቀደምቶቹ አንዱ ይኸው ነበር። መፍትሔው ጥሩ ነው፤ ግን የተደበቀውን ማን ያየዋል?

ይህ ጥያቄ ዋጋ ያስከፈለው በ2008 ነው። ሴፕቴምበር 10 ቀን ፕሮቶኖቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ዙሪያውን ዞሩ፤ ዓለምም በቴሌቪዥን ተመለከተ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ፕሮቶን ሳይኖር ማግኔቶቹን በኤሌክትሪክ ብቻ ሲፈትሹ፣ ኃይሉ ወደ 8,700 አምፔር ሲደርስ በሁለት ማግኔቶች መካከል ያለ አንድ መገጣጠሚያ ተበጠሰ። ብልጭታው የሂሊየሙን ዕቃ በሳው። 6 ቶን ያህል ሂሊየም ወጣ፤ ግፊቱም ከባድ ማግኔቶችን ከቦታቸው አነቃነቀ። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። ሆኖም 53 ማግኔቶች ወጥተው መጠገን ወይም መተካት ነበረባቸው፤ ፕሮቶን እንደገና የዞረውም በኖቬምበር 2009 ነው።

በኋላ መርማሪዎች የተቀመጠውን የሙቀት መዝገብ ወደ ኋላ ሄደው ሲያገላብጡ አንድ ነገር አገኙ። አደጋው ከመድረሱ ከአራት ቀን በፊት፣ በዚያው ሰፈር ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ መቶኛ አራት ያህል ከፍ ብሎ ነበር። ይህም ከ10 ዋት ትንሽ የሚበልጥ ሙቀት ማለት ነው፤ ከአንዲት ትንሽ አምፖል አይበልጥም። መሣሪያው ለክቶታል፣ ኮምፒዩተሩም መዝግቦታል። ነገር ግን ያችን ቁጥር ከሌሎቹ ለይቶ «ይህ ያሳስባል» ብሎ ለሰው የሚያሳይ አልነበረም።

ታዲያ ሁሉንም ማሳየት ነው? እሱም አይሆንም። መብራት አንዴ ቢቋረጥ ብቻ ማስጠንቀቂያው እንደ ዝናብ ይወርዳል፤ ኦፕሬተሩ ደግሞ የሚፈልገው የመጀመሪያውን፣ የሌሎቹን መነሻ ነው። በየሌሊቱ በከንቱ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ «ተኩላ መጣ» እያለ እንዳታለለው እረኛ ይሆናል፤ እውነተኛው ሲመጣ የሚሰማው የለም።

አንዳንዱ ነገር ደግሞ ጭራሽ ለሰው ዓይን አይተውም። ፕሮቶኖቹ ከመስመር ሊወጡ ሲሉ ሰው አይቶ እስኪወስን ጊዜ የለም፤ ለዚሁ የተሠራ መሣሪያ በራሱ፣ ከአንድ ሰከንድ ሺህኛ ባነሰ ጊዜ፣ ወደ መጣያው ይመራቸዋል። ለሰው የሚቀረው ዝግ ብሎ የሚመጣው ሕመም ነው፤ እንደዚያ እንደ 10 ዋቱ።

ከአደጋው በኋላ መገጣጠሚያዎቹን ነቅቶ የሚጠብቅ አዲስ መሣሪያ ተተከለ፤ በሙቀት የመፈተሹ ዘዴም በሌሎቹ ክፍሎች ላይ ዋለ።

ይህ ሥራ ለሀብታም አገሮች ብቻ የተተወ አይደለም። በአሜሪካ ሎስ አላሞስና አርጎን ቤተ ሙከራዎች የተጀመረው ኤፒክስ የተባለ የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌር በነጻ ይሰራጫል። በዮርዳኖስ ያለው ሰሳሚ፣ በኬፕ ታውን አጠገብ ያለው አይቴምባም ይሠሩበታል። ኮምፒዩተር ያገኘ ወጣትም አውርዶ ሊማርበት ይችላል። ኮዱን ግን ብቻውን ተቀምጦ አይጨርሰው። ሌሊት ከሚያድረው ኦፕሬተር አጠገብ ይቀመጥና «ዛሬ ምን ማየት ፈልገህ አጣህ?» ብሎ ይጠይቀው።