የሻገተ በቆሎና የአደን ምድር መኖ ማደያ፤ ተረትና እውነታ

በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ግዛት፥ መሬቱ ከጥቂቱ በቀር ሁሉ የግል ርስት በሆነበት፥ የአደን ምድር ያለው ሰው በጫካው ዳር የመኖ ማደያ ማቆሙ የቆየ ልማድ ነው። ማደያውም በአብዛኛው 208 ሊትር የሚይዝ በርሜል በሦስት የብረት እግሮች ላይ ተሰቅሎ፥ ከሥሩ በባትሪ የሚሽከረከር ሳሕን ተገጥሞለት፥ በሰዓት ቈጣሪ እየታዘዘ ማለዳና ማታ በቆሎ የሚበትን መሣሪያ ነው። የሚቆመው ነጭ ጅራት ለሚባለው አጋዘን ቢሆንም፥ ከተበተነው እህል ቱርኪ የተባለው ትልቅ የዱር ዶሮ፥ ድርጭትና ርግብም ይለቅማሉ።

ስለዚህ መሣሪያ ከሚነገሩት ብዙ አባባሎች መካከል አንዱ ከሌሎቹ ሁሉ የከፋ ጉዳት ሲያደርስ ስላየሁት፥ የዚህን ጽሑፍ አብዛኛውን ክፍል ለእርሱ ሰጥቻለሁ፤ ይኸውም «አውሬ አይመርጥም፤ ለሰውና ለከብት የማይሆን የሻገተ በቆሎ ለዱር እንስሳ ይበቃዋል» የሚለው ነው። ዝናብ ገብቶበት አረንጓዴ የለበሰ፥ ተጋግሮም የደደረ እህል በዱላ እየተሰበረ ወደ በርሜል ሲገለበጥ ተመልክቻለሁ፤ አድራጊውም ድርጊቱን ከብክነት እንደ መዳን፥ ይልቁንም ለፍጥረት እንደ ተደረገ ቸርነት ሲቈጥረው ሰምቻለሁ።

እምነቱ ፈጽሞ መሠረት የለውም አይባልም። አመስኳኪ እንስሳ በትልቁ ጨጓራው ውስጥ የሚኖሩት ረቂቃን ሕዋሳት አንዳንዱን መርዝ ስለሚሰብሩለት፥ ወፍ የማትችለውን ይችላል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም ለሰው ምግብ የወሰነው አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ልክ ከቢሊዮን 20 እጅ ሲሆን፥ ለዕርድ ለሚደለብ ከብት የሚሰጥ በቆሎ ግን እስከ 300 እጅ ቢይዝ ይታገሣል። ነገር ግን ያው አስተዳደር ለግልገልና ለጥጃ፥ ወተት ለምትሰጥ እንስሳም የወሰነው እንደ ሰው ምግብ 20 እጅ ብቻ መሆኑን የሻጋታ ጠበቆች አይነግሩንም፤ በማደያው ሥር የሚቆመውም የደለበ ኰርማ ብቻ ሳይሆን ግልገል፥ የምታጠባ እናትና ወፍም ጭምር ነው።

መርዙ የታወቀበት ታሪክ ራሱ የወፍ ታሪክ ነው። በ1960 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በእንግሊዝ አገር ከ100,000 የሚበልጡ የቱርኪ ጫጩቶች ምክንያቱ ባልታወቀ ደዌ አለቁ፤ ሊቃውንቱም ነገሩን ሲመረምሩ ጥፋቱ የመጣው ከመኖአቸው ጋር ከተቀላቀለ የኦቾሎኒ ፋጉሎ መሆኑን፥ በፋጉሎውም ላይ አስፐርጊለስ ፍላቨስ የተባለ ሻጋታ መብቀሉን ደረሱበት፤ ሻጋታው የሚያመነጨውንም መርዝ አፍላቶክሲን አሉት። ይህ መርዝ ጉበትን ያቈስላል፥ ዕድገትን ያቀጭጫል፥ ሰውነት በሽታን የሚመክትበትን ኀይል ያደክማል፤ በሰውም ላይ የጉበት ነቀርሳ ያመጣል። በአገራችንም በአዲስ አበባና በአካባቢዋ የሚታለበው ወተት ሲመረመር ከአፍላቶክሲን የሚወጣ መርዝ በአብዛኛው ናሙና ውስጥ መገኘቱና ለዚህም ዋናው ምክንያት ላሞቹ የሚመገቡት የኑግ ፋጉሎ መሆኑ በጥናት ተገልጿል፤ ለእንስሳ የተጣለ እህል በእንስሳው ዘንድ እንደማይቀር ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

«ለብዙ ዘመን እንዲህ አድርጌ አንድም የሞተ አላየሁም» ብለው በልበ ሙሉነት የሚናገሩትን ሰዎች በትዕግሥት መስማት ይከብደኛል። በዱር የሞተ ወፍ ቀበሮና አሞራ ሳያነሡት አያድርም፤ መርዙም በአንድ ሌሊት ከመግደል ይልቅ ቀስ በቀስ የሚያመነምን ስለ ሆነ፥ ሬሳ አለመታየቱ ደኅንነትን አያስረዳም። እንደዚሁም «ፀሐይ ላይ ይሰጣና ይበተን» የሚሉ አሉ፤ ፀሐይ ሻጋታውን ብታደርቀው በእህሉ ውስጥ የተከማቸውን መርዝ አታጠራውም፤ ተራ ማብሰልም ቢሆን አያጠፋውም። ከዚህም በላይ ሻጋታው በድርቅና በተባይ ምክንያት ገና በማሳው ሳለ ስለሚጀምር፥ ለዓይን ንጹሕ የሚመስል በቆሎም መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህ ተመርምሮ ከልኩ አለማለፉ የተጻፈበትን ከረጢት መግዛት የግድ ነው።

ከዚህ የተነሣ የመኖ ማደያ የመጀመሪያ ግዴታው እህሉን ደረቅ አድርጎ መጠበቅ ነው። ክዳኑ ከበርሜሉ አፍ ወጣ ብሎ ውሃውን ወደ ውጭ የሚያፈስ፥ የበርሜሉ ወለልም እህል በጥግ እንዳይቀር ወደ መካከል ያዘቀዘቀ ይሁን፤ የሚሞላውም ቶሎ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ነው፤ አዲሱን በአሮጌው ላይ ከመጨመር በፊት ሥሩን ጠርጎ ማውጣት ይገባል።

የቀሩትን አባባሎች በአጭሩ ልመልስ።

«በርሜሉ ፈጽሞ ከታሸገ እህሉ አይበላሽም» ይባላል። የቀን ሙቀት ከእህሉ የሚያወጣው እርጥበት በሌሊት ቅዝቃዜ ከክዳኑ ሥር ወደ ውሃነት ተለውጦ ይንጠባጠባልና፥ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ መተንፈሻ ያስፈልገዋል።

«ጠንካራ ማለት ከባድ ማለት ነው» ይባላል። ማደያን ነፋስና አሳማ የሚጥሉት ስለ ቀለለ ሳይሆን እግሮቹ ስለ ተቀራረቡ ነው፤ እግሮቹ ከቱቦላሬ ተሠርተው በሰፊው ቢዘረጉ፥ በብየዳ ፈንታ በብሎን ቢታሰሩና በችካል ቢወጠሩ፥ ሁለት ሰዎች ፈትተው የሚያነሡት መሣሪያ ከከባዱ ይልቅ ይጸናል። ለዱር አሳማም መፍትሔው 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የሽቦ አጥር ነው፤ አጋዘኑ ይዘለዋል፥ አሳማው ግን አይዘለውም።

«በቆሎ ቀንድ ያሳድጋል» ይባላል። በቆሎ ኀይል ሰጪ እንጂ ገንቢ አይደለም፤ ፕሮቲኑ ከመቶ 8 ወይም 9 ሲሆን፥ ቀንድ የሚያበቅል አጋዘን 16 ያህል ይሻል።

«በክረምት ብርድ የተራበን አጋዘን በበቆሎ ማጥገብ ጽድቅ ነው» ይባላል። ቅርንጫፍ ሲቈረጥም የከረመ ጨጓራ ድንገት ብዙ እህል ሲገባበት ይኮመጥጣል፤ እንስሳውም ሆዱ እንደ ሞላ ሊሞት ይችላል።

«ማደያውን ማዘዋወር ምድሩን ያነጻል» የሚለው ግማሽ እውነት አለው፤ መሬቱ በፋንድያና በበሰበሰ እህል እንዳይረክስ በየጊዜው ማዛወር መልካም ነው። ነገር ግን በ1967 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በኮሎራዶ መጀመሪያ የታየው፥ መድኃኒት የሌለው የአጋዘን አመንማኝ ደዌ በምራቅና በፋንድያ እየተላለፈ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቈይ፥ ደዌው ከታየበት ምድር ማደያ አንሥቶ ወደ ንጹሕ ምድር መውሰድ አይገባም፤ ደዌው የገባባቸው ብዙ ግዛቶች መኖ ማፍሰስን ስለሚከለክሉም አስቀድሞ የግዛቱን ሕግ መጠየቅ ያሻል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ማደያህን ከመሙላትህ በፊት እጅህን ወደ በርሜሉ ሥር አግባና የነካኸውን አሽትት፤ የሻጋታ ሽታ ካለው በጥልቅ ጕድጓድ ቅበረው፥ ለዶሮህም፥ ለላምህም፥ ለአራዊትም አትስጠው።